በእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገቡ ማያያዣ ቃላት

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ቀይ እርሳስ ነው። ሁለት ሆነን ስለ አንድ የገጠር መንደር የውሃ ጉድጓድ የጻፍነውን ጥናት ለመምህራችን ባቀረብን ጊዜ፣ እርሳቸው ስለ ጥናቱ አሳብ አንዳች ሳይናገሩ፣ በየገጹ የተበተኑትን «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር»፣ «ዜርፎር»፣ «ሐዌቨር» የተባሉትን ቃላት አንድ ባንድ በቀይ እርሳስ ሰርዘው መለሱልን። ከግርጌውም «እነዚህን አውጥታችሁ አንብቡትና ተመለሱ» የሚል ቃል ጽፈው ነበር። እንደ ታዘዝነው አውጥተን አነበብነው። ጽሑፉ እንደ ፈረሰ ግንብ ሆነብን፤ ድንጋዩ ሁሉ አለ፤ አንዱን ካንዱ የሚያጣብቀው ነገር ግን አልነበረም። በመጀመሪያ «እንግዲያውስ ቃላቱ ያስፈልጉ ኖሯል» ብለን ደስ አለን። ኋላ ነገሩን ስንመረምረው፣ ቃላቱ በቦታቸው ሳሉም ቢሆን ግንቡን አልያዙትም ነበር። ኖራ መስለው የተቀቡ ቀለም ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሰፊው ተመለከትነው፤ ያገኘነውንም ለጓደኞቻችን ተማሪዎችና ለመምህራን ለማካፈል አሰብን። እንግሊዝኛ ዐዋቂዎች እነዚህን ቃላት በልዩ ልዩ ስም ይጠሯቸዋል፤ እኛ በጠቅላላው «ማያያዣ» እንላቸዋለን። የእንግሊዝኛውንም ቃል የጻፍነው በራሳችን ፊደል ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው የሚናገሩት ድምፅ በፊደላችን ስለሌለ በ«ዘ» ተክተነዋል። አንባቢው ቃላቱን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቃቸው ስለ ሆነ እንደማይቸገር እናምናለን።

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ፣ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ያጠናውን ነገር መምህሩ የሚያውቅለት በእንግሊዝኛ በጻፈለት መጠን ብቻ ነው። ቃል ቢጐድለው መዝገበ ቃላት ይረዳዋል፤ የግሡን ጊዜ ቢሳሳት አንባቢው አቃንቶ ያነብለታል። በማያያዣ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን የሚበላሸው የጥናቱ አካሄድ ራሱ ነው፤ ግምቱን ማስረጃ፣ አጋጣሚውን ምክንያት አድርጎ ያቀርበዋል። አንባቢውም «ሰዋስው ተሳሳተ» አይለውም፤ «አሳቡ ደካማ ነው» ይለዋል እንጂ። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው አፉን በአማርኛ ስለ ፈታ ተማሪ ነው። አፋቸውን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ የፈቱ ጓደኞቻችን ምናልባት ሌላ ዓይነት ችግር ያጋጥማቸው ይሆናል፤ እነርሱ ደግሞ ስለዚያ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

አማርኛ አሳብን ከአሳብ የሚያያይዘው በአብዛኛው በግሡ ላይ ነው። ማሠሪያ አንቀጹ ከመጨረሻ ይቀመጣል፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ግሦች እንደ መንገደኛ ተከታትለው ወደ እርሱ ይጓዛሉ። ከነዚህም ውስጥ ዋነኛው የሰዋስው መምህራን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ነው። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ሄደ» ስንል ሦስቱ ቦዞች የሚነግሩን የነገሩን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። «ደክሞት ተኛ» ስንል ግን ያው ቦዝ ምክንያትን ይነግረናል። «ቆሞ በላ» ስንል ሁኔታን ይነግረናል። «ዓመት ሙሉ ለፍቶ ምንም አላገኘም» ስንል ደግሞ ተቃርኖን ይነግረናል። እንግዲህ አንድ የግሥ መልክ ጊዜንም፣ ምክንያትንም፣ ሁኔታንም፣ ተቃርኖንም ይሸከማል ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው አድማጩ ነው፤ እርሱም ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። ይህ የቋንቋችን ጉድለት ነው አንልም። ሁሉን ነገር ዘርዝሮ መናገር አድማጭን እንደ መናቅ በሚቆጠርበት አገር፣ እንዲያውም የጨዋነት ምልክት ነው።

ነገር ግን «መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ» ባልን ጊዜ ችግር ይመጣል። ሰውዬው የዳነው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ነው ወይስ መድኃኒቱን ስለ ወሰደ ነው? በጎረቤት ወሬ ይህን የሚጠይቅ የለም። በሕክምና ጥናት ውስጥ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። እንግሊዝኛ ይህን አሳብ በጽሑፍ ለመግለጽ የሚፈልገውን ሰው «አፍተር» ወይም «ቢኮዝ» ብሎ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በ«ኤንድ» አያይዞ ለማለፍ የሚችልበት መንገድ አለ፤ ዳሩ ግን በጥናት ጽሑፍ ውስጥ አንባቢው «ኤንድ»ን ባየ ቁጥር ጸሐፊው ሊናገረው የፈራው ነገር እንዳለ ይጠረጥራል።

የእኛ ጥናት የወደቀው እዚሁ ላይ ነው። በመንደሩ ውስጥ በያዝነው የማስታወሻ ደብተር «ጉድጓዱ ተቆፍሮ የሆድ በሽታ ቀነሰ» ብለን በአማርኛ ጽፈን ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው፣ ሳናስበው «ቢኮዝ» አልነው፤ ከዚያ ቀጥሎ «ዜርፎር» ብለን ሌሎች መንደሮች ሁሉ ጉድጓድ እንዲቆፈርላቸው መከርን። መምህራችን በቃል ሲጠይቁን «በዚያ ዓመት በመንደሩ ሌላ የተደረገ ነገር አልነበረምን?» አሉን። ነበረ። በየቤቱ መጸዳጃ ተቆፍሯል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እጅ መታጠብን አስተምራለች። ይህን ሁሉ በደብተራችን ጽፈነዋል፤ በጽሑፋችንም ውስጥ በሌላ ገጽ ላይ ተናግረነዋል። በአማርኛው ቦዝ ውስጥ ሦስቱም ምክንያቶች ያለ ጠብ አብረው ይኖሩ ነበር፤ በእንግሊዝኛው «ቢኮዝ» ግን ሁለቱን ከቤት አስወጣናቸው። «ቢኮዝ» ያለ ሰው ማስረጃ ማቅረብ ይገባዋል፤ «አፍተር» ያለ ሰው ግን የሚጠየቀው ቀኑን ብቻ ነው። እኛ በእጃችን የነበረው ቀኑ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ «ሲንስ» አንድ ቃል እንጨምር። ይህ ቃል «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ» ማለትም፣ «ስለ ሆነ» ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ምርጫው የከበደው ጸሐፊ የሚሸሸግበት ጥሩ ዋሻ ነው። «አዝ» እና «ዋይል» የተባሉትም እንዲሁ ሁለት ፊት አላቸው። ጊዜንና ምክንያትን፣ ወይም ጊዜንና ተቃርኖን ሊያምታቱ በሚችሉበት ቦታ ላይ ባይገቡ ይሻላል።

ወደ ሰዋስው እንለፍ። የእንግሊዝኛ ማያያዣዎች በትርጕም ብቻ ሳይሆን በሥራቸውም ይለያያሉ፤ መዝገበ ቃላት ግን ትርጕማቸውን እንጂ ሥራቸውን ጎልቶ አያሳይም። የመጀመሪያዎቹ «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ኦር»፣ «ዬት» የመሳሰሉት ናቸው፤ ሁለት እኩያ ዓረፍተ ነገሮችን በመካከል ቆመው ያያይዛሉ። በነዚህ የሚሳሳት ጥቂት ነው። ሁለተኛዎቹ «ቢኮዝ»፣ «አልዞ»፣ «ኢፍ»፣ «አንለስ» የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ የገቡበትን ዓረፍተ ነገር የሌላው ጥገኛ ያደርጉታል። በ«ቢኮዝ» የጀመረ አሳብ የሚደገፍበት ሌላ ዓረፍተ ነገር ሳይኖረው በነጥብ ቢዘጋ አንካሳ ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን ስሕተት እንሠራለን፤ ምንጩንም ፈልገን ያገኘነው ይመስለናል። በአማርኛ «አልመጣም። ምክንያቱም ታሞ ነበር።» ብንል ነውር የለበትም፤ «ምክንያቱም» አዲስ ዓረፍተ ነገር ሊጀምር ይችላልና። ተማሪው «ቢኮዝ» ማለት «ምክንያቱም» ነው ብሎ በልጅነቱ ስለ ተማረ፣ ነጥቡንም አብሮ ይዞት ይሄዳል። «ቢኮዝ»ን በግሡ ላይ ከሚገባው «ስለ» ጋር አዛምዶ ቢማረው ኖሮ ይህ ስሕተት ባልደረሰበት ነበር፤ «ስለ ታመመ» ብሎ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ አማርኛ ተናጋሪ የለምና።

«ስለ» ራሱ ግን በሌላ በኩል ያሳስተናል። «ስለ አገሩ ሞተ» ስንል በስም ላይ ይገባል፤ «ስለ ታመመ ቀረ» ስንል በግሥ ላይ ይገባል፤ በሁለቱም ቦታ መልኩ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ለስሙ «ቢኮዝ ኦቭ»፣ ለግሡ «ቢኮዝ» ይላል። እንዲሁም «ዴስፓይት» በስም ላይ፣ «አልዞ» በሙሉ ዓረፍተ ነገር ላይ ይገባሉ። በየፈተናው ወረቀት ላይ «ዴስፓይት ሂ ዎዝ ፑር» የሚል ነገር የሚነበበው ስለዚህ ነው።

ብዙ ነጥብ የሚያስቆርጠው ግን ሌላው ወገን ነው። «ሐዌቨር»፣ «ዜርፎር»፣ «ሞርኦቨር»፣ «ዛስ»፣ «ነቨርዘለስ» በትርጕም ማያያዣ ይምሰሉ እንጂ በሰዋስው ተውሳከ ግሥ ናቸው። በሁለት አሳቦች መካከል ያለውን ዝምድና ያመለክታሉ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አንድ አድርጎ የማሰር ሥልጣን ግን የላቸውም። ስለዚህ ከነርሱ በፊት ወይ ነጥብ ወይ የእንግሊዞቹ «ሴሚኮለን» መግባት አለበት፤ «ኮማ» አይበቃም። መዝገበ ቃላቱ «ባት»ንም «ሐዌቨር»ንም «ግን» ብሎ ስለሚፈታቸው፣ ተማሪው «ባት» በሚገባበት ቦታ ሁሉ «ሐዌቨር»ን እያስገባ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ኮማ ተደግፈው እንዲቆሙ ያደርጋል። እኛ ድርብ ሠረዝን በነጻነት የምንጠቀም ሕዝብ ነን፤ ይህም አንቀጽ ራሱ ምስክር ነው። እንግሊዝኛ ግን «ሴሚኮለን»ን ቆጥቦ የሚጠቀምበት በሁለት ሙሉና በተቀራረቡ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው። «ሐዌቨር» ከዚያ ምልክት ቀጥሎ ሲመጣ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

በአማርኛ ተቃርኖን ሁለት ጊዜ መናገር ልማድ ነው። «ምንም እንኳ ድኻ ቢሆን፣ ነገር ግን ለጋስ ነው» እንላለን፤ የመጀመሪያው «ምንም እንኳ» አድማጩን ያዘጋጃል፤ «ነገር ግን» ደግሞ መጠምዘዣው ላይ ደረስን ይለዋል። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም በሆነ ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው። እንግሊዝኛ ግን «አልዞ» ብሎ ከጀመረ «ባት»ን አይወድም፤ አንዱ በቂ ነው ይላል። «ቢኮዝ» ብሎ ከጀመረም ወዲያ በኩል «ሶ»ን ወይም «ዜርፎር»ን አይጨምርም። ይህን ስንል ግን የድሮዎቹ እንግሊዞች «ዞ» ብለው ጀምረው «ዬት» ብለው ይመልሱ እንደ ነበር ማስታወስ ያሻል፤ ስለዚህ ልማዳችን የአእምሮ ጉድለት ሳይሆን ቋንቋ ሁሉ አንድ ጊዜ የሄደበት መንገድ ነው። ለዛሬው ፈተና ግን ይህ ምክንያት አያድንም።

ከትርጕም በኩል በጣም አደገኛ ሆነው ያገኘናቸው «ኦን ዘ ኮንትራሪ» እና «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ናቸው። በአማርኛ «በአንጻሩ»፣ «በተቃራኒው»፣ «በሌላ በኩል» የሚሉትን ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ቦታ እንጠቀምባቸዋለን። በእንግሊዝኛ ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። «ደጋው ብርድ ነው፤ ቆላው ሙቀት ነው» ብሎ ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚፈልግ «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ይላል። «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ግን አስቀድሞ የተነገረውን ወይም የተገመተውን ሐሰት ነው ብሎ የሚያፈርስ ቃል ነው። «ወንዙ በዚያ ክረምት አልጎደለም፤ እንዲያውም ሞልቶ ድልድዩን ወሰደ» ለማለት የሚገባው እርሱ ነው። እንዲያውም በአማርኛ ትክክለኛ አቻው «በተቃራኒው» ሳይሆን ይኸው «እንዲያውም» ይመስለናል። አንድ ጓደኛችን ሁለት መንደሮችን ባነጻጸረበት ጽሑፍ፣ በመጀመሪያው መንደር ገበሬዎች ማዳበሪያ እንደሚጠቀሙ ከተናገረ በኋላ «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ብሎ በሁለተኛው መንደር እንደማይጠቀሙ ጻፈ። ጽሑፉን ያረመው ሰው ልጁ የመጀመሪያውን ግኝት መልሶ የካደ መሰለውና በጠርዙ ላይ «ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ የተሳሳተችው አንዲት ሐረግ ናት።

«አት ላስት» ደግሞ የሚያስቅ ነው። «በመጨረሻ» ለማለት በድርሰቱ ማብቂያ ላይ የሚያስገቡት ብዙዎች ናቸው። የእንግሊዝኛው ትርጕም ግን «ስንት ጠብቀን እነሆ ደረሰልን» እንደ ማለት ነው፤ የመጨረሻውን ነጥብ ለማመልከት የሚገባው «ፋይናሊ» ወይም «ላስትሊ» ነው። «አት ላስት» ብሎ የመጨረሻውን አንቀጽ የሚጀምር ተማሪ ድርሰቱ በማለቁ ተንፈስ ያለ ይመስላል፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ስለ መጨመሪያዎቹ ስናስብ አማርኛ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። «እንዲሁም» ወይም «ደግሞ» የሚለው እኩያውን ይጨምራል። «ከዚህም በላይ» የሚለው ግን ቃሉ ራሱ እንደሚያሳየው ከፊተኛው በላይ የሆነውን ይጨምራል። «ሞርኦቨር» የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። አንድን አሳብ ለማስረዳት አንድ ማስረጃ ካቀረብን በኋላ፣ ለዚያው አሳብ የሚበረታውን ማስረጃ ስናመጣ የሚገባ ቃል ነው። ወደ አዲስ ርእስ ለመሻገር አይሆንም። እኛ ግን በቀይ እርሳስ በተመታው ጽሑፋችን፣ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ተናግረን «ሞርኦቨር» ስንል የመንደሩን ነዋሪዎች ቁጥር ጻፍን፤ ቀጥለን «ፈርዘርሞር» ብለን የመንገዱን ርቀት አነሣን። ጥልቀቱ፣ ሕዝቡና መንገዱ የትኛውን አሳብ እንደሚደግፉ ብንጠየቅ መልስ አልነበረንም።

በዚህ ነገር ብቻችንን እንዳልሆንን ያወቅነው ኋላ ነው። ግሬንጀርና ታይሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ድርሰቶች ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድርሰቶች ጋር አነጻጸሩ። በጠቅላላው ቁጥር ማያያዣ አብዝተዋል ለማለት አልተቻለም። ነገር ግን አሳብን የሚጨምሩትንና የሚያጠናክሩትን፣ ለምሳሌ «ሞርኦቨር»ንና «ኢንዲድ»ን አብዝተው፣ አሳብን የሚቃረኑትንና ወደ ፊት የሚገፉትን፣ ለምሳሌ «ሐዌቨር»ንና «ዜርፎር»ን አሳንሰው ተገኙ። ይህን ስናነብ ስለ ራሳችን የተጻፈ መሰለን። መጨመር ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ሌላ አንድ ነገር ማስታወስ ብቻ ነው። ለመቃረንና ለመደምደም ግን ሁለቱን ነገሮች በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለ «ሐዌቨር» ቦታ በመምህራን መካከል እንኳ ክርክር አለ። አሜሪካዊው ዊልያም ስትራንክ በ1918 እ.ኤ.አ. «ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል» በተባለው መጽሐፉ፣ ይህ ቃል «ሆኖም» ለማለት ሲገባ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እንዳይሆን መክሯል። ዛሬ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ጥሩ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ምክሩን እንደ ሕግ አንወስደውም። ቢሆንም ከምክሩ በስተጀርባ ያለውን አሳብ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። «እርሱ ግን አልመጣም» ስንል «ግን» የተቀመጠው ከ«እርሱ» ቀጥሎ ነው፤ ሌሎቹ መጥተዋል፤ የቀረው እርሱ ነው ማለታችን ነው። «ትናንት ግን አልመጣም» ብንል ተቃርኖው በቀኑ ላይ ይወድቃል። «ሐዌቨር»ም በዓረፍተ ነገር መካከል በሁለት ኮማዎች ታጥሮ ሲገባ ሥራው ይኸው ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለውን ቃል ለይቶ ለንጽጽር ያወጣዋል። ይህን ለማስተማር ረጅም ምዕራፍ አያሻም፤ «ግን»ን የት እናስቀምጠው ነበር ብሎ ራስን መጠየቅ ይበቃል። በመጀመሪያ ያስቀመጠው ሰው ደግሞ ኮማዋን አይርሳ፤ ያለ ኮማ «በምንም ዓይነት ቢሆን» ወደሚል ሌላ ትርጕም ሊሄድ ይችላልና።

ማያያዣ ቃል ሁሉ ለየቦታው የተፈጠረ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቁ የሎንግማን ሰዋስው መሠረት፣ በምሁራን ጽሑፍ ውስጥ የሚበዙት «ሐዌቨር»፣ «ዛስ» እና «ዜርፎር» ሲሆኑ፣ በንግግር የሚበዙት «ሶ»፣ «ዜን» እና «ዞ» ናቸው። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ዓረፍተ ነገርን በ«ሶ» መጀመር ከጓደኛ ጋር ሻይ ቤት እንደ መቀመጥ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ማያያዣ ቃል ካልሆነ ነገር የተማርነው ነው። ሃሊዴይና ሐሰን በ1976 እ.ኤ.አ. «ኮሂዥን ኢን ኢንግሊሽ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እርስ በርሱ የሚያያዝባቸውን አምስት መንገዶች ይዘረዝራሉ፤ እነርሱም መጠቆም፣ መተካት፣ የታወቀውን ቃል መተው፣ ማያያዣ ማስገባት፣ የቃላት መደጋገምና መዛመድ ናቸው። ማያያዣ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። እኛ አራቱን ትተን አምስተኛውን ስናስጨንቀው ኖረናል። ጥሩ የጥናት ጽሑፍ ያነበበ ሰው በየአንቀጹ መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ «ሞርኦቨር»ን ሳይሆን «ዚስ ዲክላይን»፣ «ዚስ ኤስቲሜት»፣ «ዚስ ክሌይም» የመሳሰለውን ነው፤ ይኸውም «ይህ መቀነስ»፣ «ይህ ግምት»፣ «ይህ አባባል» ማለት ነው። «ዚስ» ብቻውን ቢቆም አንባቢው «የቱ?» ይላል። ስም ሲጨመርበት ግን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወደ ኋላ ይጠቁማል፤ የተጠቆመውንም ነገር ይሰይማል። ጸሐፊውም ስም ለመስጠት ሲል ያለፈው አንቀጽ ምን እንደ ነበረ ለማሰብ ይገደዳል። ከዚህ በፊት የጻፍነው ግኝት ነው ወይስ ግምት? የሰው አባባል ነው ወይስ የራሳችን ልኬት? ይህን መልስ ላላገኘ ሰው የትኛውም ማያያዣ አይረዳውም።

ጽሑፋችንን እንደ ገና የጻፍነው በዚህ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ማያያዣዎቹን ሁሉ አውጥተን ዓረፍተ ነገሮቹን ባዶአቸውን ደረደርናቸው። ቀጥለን በየሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ምን እንደ ሆነ በአማርኛ በጠርዙ ላይ ጻፍን፤ «ስለ»፣ «ከዚያ በኋላ»፣ «ቢሆንም»፣ «ለምሳሌ»። ቦዝ አንቀጽ እንዳንጠቀም ተማማልን። ምንም ዝምድና ያጣንላቸውን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ሌላ ቦታ ወሰድናቸው፤ አንዳንዶቹንም ጣልናቸው፤ የመንገዱ ርቀት የተጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ዝምድናው ያለ ቃል ግልጥ ሆኖ በታየን ቦታ ምንም አላስገባንም። በቀሩት ቦታዎች ብቻ የእንግሊዝኛውን ማያያዣ መረጥን።

ስለ በሽታው የሚናገረው አንቀጽ በአማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይሆናል። «ጉድጓዱ በተቆፈረ በዓመቱ የሆድ ሕመምተኞች ቁጥር ቀነሰ። በዚያው ዓመት ግን መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል፤ እጅ የመታጠብ ትምህርትም ተሰጥቷል። ስለዚህ ይህ መቀነስ ለጉድጓዱ ብቻ ሊሰጥ አይችልም።» «ቢኮዝ» ጠፍቶ «አፍተር» በቦታው ገባ። «ዜርፎር»ም ተመለሰ፤ ዛሬ ግን ሌሎች መንደሮችን ለመምከር ሳይሆን የራሳችንን አባባል ለመወሰን ነው።

መምህራችን ይህን አንቀጽ አንብበው ቀይ እርሳሳቸውን ያሳረፉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለው «ሐዌቨር» ላይ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። የመጸዳጃ ቤት መሠራት ከበሽታው መቀነስ ጋር አይቃረንም፤ ታዲያ «ሐዌቨር» ምን ይሠራል? አሉን። እኛም ቃሉ የሚቃረነው የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አንባቢው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ በልቡ ሊደርስበት የተዘጋጀውን ድምዳሜ ነው ብለን መለስን። እርሳቸው አንባቢው በልቡ ያላሰበው ከሆነስ ብለው ጠየቁን። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፤ ቃሉን ግን አላወጣነውም።